ስልኩን ያልሞላ ራት አይብላ

እንግዲህ በባሕር ላይ ራት ለመብላት ስልክ ቻርጅ ማድረግ ግዴታ ሆኗል። የምግቡ ዝርዝር ስልክ ውስጥ፣ የጠረጴዛው ወረፋ ስልክ ውስጥ፣ «ጠረጴዛዎ ተዘጋጅቷል» የሚለው ጥሪም እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። ገበታው መሐል ነጠብጣብ የበዛበት ካርቶን ቆሞ ይጠብቅሃል፤ መጀመሪያ እሱን ፎቶ ታነሳለህ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ትራባለህ። መነጽሬን ሳገኝ ስልኩ ይጠፋል፤ ስልኩን ሳገኝ ባትሪው ያልቃል። የከፈልኩበትን ራት በልጅ ልጄ አማላጅነት የምበላ ሽማግሌ ሆኜ ቀረሁ።

ሲያትል ከተማ ታክሲ ስነዳ ነው ያረጀሁት። የአላስካ መርከቦች በሚወጡባቸው ወራት ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ፒር 66፣ ኋላም ወደ ፒር 91 ስንቱን ሰው አመላልሻለሁ። የዘመኑ መለወጥ የገባኝ በሻንጣ በኩል ነው። ድሮ ተሳፋሪው ሱፉን በረጅም ከረጢት አንጠልጥሎ ይመጣና «እባክህ ከሁሉ በላይ አድርግልኝ፣ እንዳይጨማደድ» ይለኝ ነበር። እየቆየ ከረጢቱ ቀረ። አሁን አሁን ዚፑ አልዘጋ ካለው ቦርሳ ብቅ የሚለው ቁምጣ፣ ሲሊፐርና የላስቲክ ዳክዬ ነው። ዳክዬው የሕፃን እንዳይመስላችሁ። እኔን የሚያካክሉ ሰዎች በመርከቡ ጥጋጥግ እየደበቁ፣ ሌላው ፈልጎ እንዲያገኘው የሚጫወቱበት ነው። ምነው ከረባት ቢደብቁ፣ እኔም ፍለጋ በወጣሁ!

እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ የተሳፈርነው በ1990ዎቹ ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ያኔ አብዛኛው የአላስካ መርከብ የሚነሳው ከካናዳ፣ ከቫንኩቨር ነበር። አሜሪካ በ1886 ያወጣችው ሕግ አለ፤ የውጭ ባንዲራ የሰቀለ መርከብ ሌላ አገር ሳይረግጥ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ አሜሪካ ወደብ ሰው እንዲያወርድ አይፈቅድም። ዛሬ ከሲያትል የሚነሱትም በመመለሻቸው የካናዳዋን ቪክቶሪያ በምሽት ደረስ ብለው የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ ለዚሁ ሲባል ነው። የ1886ቱ ሕግ እስከ ዛሬ ይከበራል፤ የ1990ዎቹ ከረባት ግን ተረሳ።

ያኔ ራት ሁለት ዙር ነበረው። የፊተኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ፣ የኋለኛው 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ። አንዴ ጠረጴዛ ከተመደበልህ እስክትወርድ ድረስ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ወንበር፣ ያው አስተናጋጅ ነው። አብረውህ የሚቀመጡትን አንተ አትመርጥም። ለእኛ የደረሱን የሚኒሶታ ገበሬ ከነሚስቱ፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪምና አንዲት እንግሊዛዊት ባልቴት ነበሩ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ስለ አየር ጠባይ አወራን። ሦስተኛው ላይ ባልቴቷ የልጆቼን ስም በተራ ትጠራ ነበር፤ ገበሬው ስለ ጤፍ ይጠይቀኛል፣ ሐኪሙ ደግሞ በሳቅሁ ቁጥር ጥርሴን ይቆጥራል። መሸሻ ስለሌለ ትላመዳለህ። ታክሲ ነጂና የጥርስ ሐኪም ለአንድ ሳምንት በአንድ ማዕድ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ አሜሪካ ውስጥ ካለ ንገሩኝ።

አስተናጋጃችን ኢንዶኔዥያዊ ልጅ ነበር። ባለቤቴ በመጀመሪያው ራት ላይ «ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም» አለችው። ጻፈም፣ አልጻፈም፣ ረቡዕ ሲደርስ ማንም ሳያስታውሰው በዘይት የተሠራ አትክልት ይዞ መጣ። ምግቡ አልጫ መሆኑ እሱንም አሳፍሮት ኖሮ፣ ከሠራተኞቹ ማእድ ቤት የአገሩን የቃሪያ ስልስ፣ ሳምባል የሚሉትን፣ በትንሽ ሳህን ደብቆ አመጣልን። ባለቤቴም ከቦርሳዋ የማትለየውን ሚጥሚጣ አካፈለችው። ቀምሶ እንባው እየወረደ «ፓፓ፣ ይሄ ጥሩ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የእኛ ጠረጴዛ ወሬ ማእድ ቤት ድረስ ተሰማ።

በቅርቡ ልጆቼ የወሰዱኝ መርከብ ላይ ግን በየምሽቱ አዲስ ልጅ ነው የሚመጣው፣ በየምሽቱም ጾምን ከሀ ጀምሬ አስተምራለሁ።

«ቪጋን ነዎት?»

«አይደለሁም፤ ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«ነገስ?»

«ነገማ ሥጋ እበላለሁ።»

ልጁ ግራ ተጋብቶ አለርጂ በሚለው ሳጥን ውስጥ «ረቡዕ» ብሎ መዘገበኝ።

ወደ ድሮው ልመለስ። የክት የሚለበስበት ምሽት ነበር፤ ካፒቴኑ ነጭ ለብሶ በር ላይ እየጨበጠ ያስገባል፣ ሎብስተር ይቀርባል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሎብስተር አይበላም። እንግሊዛዊቷ ባልቴት ይህን ከሰማች ጀምሮ የእኔ ሎብስተር ገና ከማእድ ቤት ሳይወጣ ባለቤት ነበረው። የመጨረሻው ሰሞን ደግሞ መብራት ይጠፋና አስተናጋጆቹ «ቤክድ አላስካ» የሚባለውን በእንቁላል ነጭ አረፋ የተሸፈነ አይስክሬም እላዩ ላይ እሳት እየነደደበት በሰልፍ ይዘው ይገባሉ፤ ሰው ሁሉ ፎጣ ያውለበልባል። ኋላ እሳቱ ለደህንነት ሲባል በየመርከቡ እየቀረ ሄደ። አሁን ያለው ሰልፍ የአስተናጋጅ ጭፈራ ነው። ትእዛዝህን ሊቀበል የመጣው ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ ወገቡን ሲሰብቅ ሾርባህ ይቀዘቅዛል። ሾርባ ካልኩ አይቀር፣ ሆላንድ አሜሪካ የተባለው ኩባንያ መርከቦች በበረዶው ግግር ፊት ለፊት መርከቡ አፍንጫ ላይ ትኩስ የአተር ሾርባ የማደል ነባር ልማድ አላቸው። በዚያ ብርድ ሽታው ነፍስ ይመልሳል። አተር ነው ብለህ ደስ ሲልህ ግን የደች አተር ሾርባ ውስጡ አሳማ ነው። እኛ ሽታውን በልተን ተመለስን።

ጥፋቱ መቼ ተጀመረ ብትሉ፣ እኔ 2000 ላይ ነው የማስቀምጠው። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን «ፍሪስታይል» የሚለውን አመጣ፦ የተመደበ ሰዓት የለም፣ የተመደበ ጠረጴዛ የለም፣ ከረባት ግዴታ አይደለም። ሕዝቡ ነፃ ወጣሁ ብሎ ጨፈረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በ2014 ሮያል ካሪቢያን ኳንተም የተባለውን መርከቡን ሲያስወጣ ትልቁን የራት አዳራሽ እስከ መተው ደረሰና ሰውን በየትንንሹ ምግብ ቤት በተነው። ተሳፋሪው ቦታ ለመያዝ ሲንከራተት ሰነበተና ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ያን ጊዜ ደስ ያለኝን ያህል የገና ዕለትም አላለኝም። ከ2021 ወዲህ የሚጓዙት የቨርጂን መርከቦች ደግሞ ዋና የራት አዳራሽም፣ ቡፌም የላቸውም። የንቅሳት ቤት ግን አላቸው። በማዕበል መሐል መርፌ ለሚይዝ ሰው ክንዱን የሚሰጥ ፍጡር እኔን ስለ ራት አለባበስ ሊያስተምረኝ!

የመንፈሱ ነገርማ አይነሳ። ድሮ ከራት በኋላ የምትሰማው ቫዮሊንና ፒያኖ ነበር፤ ባለቤቴን ይዤ ዋልስ ለመደነስ የሞከርኩበት ምሽት ሁሉ አለ። ዛሬ ከሲያትል ወደ አላስካ ሲሄድ የኖረው ኖርዌጂያን ብሊስ አናቱ ላይ ባለሁለት ፎቅ የመኪና መወዳደሪያ አለው። ስንት ሺህ ዓመት የፈጀ በረዶ ከወዲያ ቆሞ፣ ከወዲህ ጎልማሳ ሁሉ ሄልሜት አጥልቆ ዙሪያ ጥምጥም ይሽከረከራል። የኳንተም ወገኖች ላይ መጠጥ የሚቀላቅሉት ሁለት የሮቦት እጆች ናቸው። ሮቦቱን «ከየት ነህ? እናትህ ደህና ናቸው?» አልለው ነገር!

የወንድሜ ልጅ በዚህ አይስማማም። «ጋሼ፣ የድሮ መርከብ እኮ የሀብታም ነበር። ታይታኒክ ላይ የሦስተኛ ማዕረግ ሰው ከታች ለብቻው ነበር የሚበላው» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ የተማረ ልጅ ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ ታይታኒክ አይደለም። የእኛ ጊዜ በብዙዎቹ መርከቦች በረንዳ ያለው ክፍል የያዘውም፣ እንደ እኛ መስኮት በሌለው ጉድጓድ ያደረውም፣ ራት ላይ ያው አዳራሽ፣ ያው ዝርዝር፣ ያው ሎብስተር ነበር። ዛሬ ነፃነት ነው ተብሎ ሥጋ ቤቱ ለብቻ ያስከፍላል፣ የጃፓኑ ለብቻ ያስከፍላል። እዚያው ፍሪስታይል የተፈለሰፈበት ኩባንያ መርከቦች ላይ ደግሞ «ዘ ሄቨን» የሚባል ቁልፍ ያለው ሰፈር አለ፤ የራሱ ምግብ ቤት አለው፣ ካርድህ ካልከፈተው አትገባም። ታይታኒክን ከፊት በር አባረው በጓሮ አስገቡት ማለት ነው። ይህን ስለው የወንድሜ ልጅ ስልኩን ማየት ጀመረ፤ ምናልባት ራቱ ደርሶ ይሆናል።

እኔንም በዚያው ልጆቼ በወሰዱኝ መርከብ ላይ ሌሊት ፒሳ ቤቱ አጠገብ ታየ ብለው የሚያሙኝ አሉ። የሄድኩት ነገሩን ለማጣራት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትኩስ ፒሳ ለማን እንደሚጋገር ማወቅ አለብኝ።

ለከረባት የቀረው መጠጊያ፣ እኔ እስከማየው፣ የኩናርድ ኩዊን ሜሪ 2 ነው። ኩባንያው ከ1840 ጀምሮ አትላንቲክን ያቋርጣል፤ የመጀመሪያዋ መርከቡ ብሪታኒያ ለተሳፋሪው ወተት የምትሰጥ ላም ይዛ ነበር የምትጓዘው። ኩዊን ሜሪ 2 ዛሬም በሳውዝሃምፕተንና በኒውዮርክ መሐል በሰባት ሌሊት ትመላለሳለች። ከሰዓት በኋላ ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጆች በሙዚቃ ታጅበው ሻይ ያቀርባሉ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ቁምጣ ለባሽ ዋናው አዳራሽ አይገባም። እርግጥ እዚያም የምትበላበት ምግብ ቤት በክፍልህ ዋጋ ይወሰናል፤ ግን ሳይደብቁ ነው፣ ደረጃህን ነግረው ያስገቡሃል። ውሻ እንኳ ክብር አለው። ለእንግሊዙ ውሻ የሊቨርፑል የመብራት ምሰሶ፣ ለአሜሪካው ውሻ የኒውዮርክ የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ቆሞለታል፣ እግሩን የሚያነሳበት። እኔ ራት ላይ ቋሚ ወንበር አጣሁ፣ ውሻው ቋሚ ምሰሶ አለው!

ባለቤቴን በዚህ እንሂድ አልኳት። የባሕር ሕመም እንደማይዘኝ፣ ሱፌም ቁም ሣጥን ውስጥ ደህና እንዳለ አስረዳኋት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሱፍህ ከሆድህ ጋር ከተጣላ ስንት ዘመኑ! እኔ ከማኅበሬ ሴቶች ጋር በግንቦት ለአላስካ ከፍያለሁ፤ አንተንም ጨምሬሃለሁ።»

«በየትኛው?»

«ባለመኪናው። ውድድሩ ላይ ስምህን አስመዘግብልሃለሁ፤ ዕድሜህን ሙሉ ስትነዳ አልነበር?»

ዝም አልኩ። የጠየቅሁት ከሄልሜቱ ሥር ከረባት ይፈቀድ እንደሆነ ብቻ ነው።