የአየር መለኪያ ሴንሰርን ያለአግባብ ለመቀየር የሚያበቃ መመሪያ

በአየር ፊልትሮው ቤትና በትሮትሉ መካከል ባለው ቧንቧ ላይ የሚታሰረው የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ በጋራዥ ቋንቋ ኤርፍሎ ሴንሰር የሚባለው፣ ሞተሩ በየሰከንዱ ስንት ግራም አየር እንደሚስብ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚያሳውቅ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ይህን ዕቃ መቀየር ሶኬት ነቅሎ ሁለት ብሎን ከመፍታትና መልሶ ከማሰር የማያልፍ ሥራ በመሆኑ ለስህተት ሰፊ ቦታ ያለው አይመስልም፤ ሆኖም ገንዘቡን ከፍሎ ብልሽቱን እንደያዘ ወደ ቤቱ መመለስ የሚፈልግ ባለመኪና፣ ከዚህ በታች የተመለከተውን ቢፈጽም ያለ ጥርጥር ይሳካለታል።

የመጀመሪያው እርምጃ ሴንሰሩ ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ ጋራዥ መግባት ነው፤ አሠራሩን የተረዳ ሰው ጥያቄ ይጠይቃልና። በሴንሰሩ ውስጥ እጅግ የቀጠነ የፕላቲኒየም ሽቦ በኤሌክትሪክ ይግላል፤ የሚያልፈው አየር ሽቦውን ሲያቀዘቅዘው፣ ሙቀቱ ከሚገባው አየር በተወሰነ ልክ በልጦ እንዲቆይ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ያለፈውን አየር ክብደት ያመለክታል። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤልኤች ጄትሮኒክ በተባለው የነዳጅ ሥርዓቱ ያስገባው ይህ ዘዴ፣ ኮምፒውተሩ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር እንዲደርስ ነዳጁን እንዲመጥን ያስችለዋል። ሴንሰሩ የአየሩን ይዘት (ቮልዩም) ሳይሆን ክብደቱን ስለሚለካ ከፍታ አያሳስተውም። የአዲስ አበባ አየር በባሕር ወለል ላይ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ቢሆንም፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መኪና በአንድ ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁልና ዳገት ቢያቋርጥም፣ ጤነኛ ሴንሰር ድብልቁን ሳያዛባ ያልፋል። ስለዚህ ሞተሩ ጉልበት ያጣው በከፍታው ብቻ እንደሆነ የሚነገረውን ማብራሪያ ሳይመረምሩ መቀበል ለስህተቱ ጥሩ መሠረት ይጥላል።

ሁለተኛውና ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስጠፋው እርምጃ የስህተት ኮድን እንደ መጨረሻ ፍርድ መውሰድ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ የምርመራ ማሽን ሲሰካ ፒ 0171 የሚል ኮድ ቢወጣ፣ ትርጉሙ ድብልቁ ሳስቷል፣ ማለትም ከነዳጁ አንጻር አየሩ በዝቷል ማለት ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ኮዱ አይናገርም። ከሴንሰሩ በኋላ ያለ የተሰነጠቀ የአየር ጎማ፣ የላላ ፋሸታ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ ኖዝል ይህንኑ ኮድ ሊያወጣ ይችላል። ሴንሰሩን በቀጥታ የሚጠቅሱት ከፒ 0100 እስከ ፒ 0104 ያሉ ኮዶች እንኳ የሴንሰሩን የኤሌክትሪክ መስመር ጭምር የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ አይጥ የበላው ሽቦ ወይም የዛገ ሶኬት ጤነኛውን ዕቃ ጥፋተኛ ሊያስመስለው ይችላል።

ሥራውን የሚያከብር መካኒክ በዚያው ማሽን ላይ የነዳጅ ማስተካከያውን ንባብ፣ ይኸውም ኮምፒውተሩ ከተሰላው መጠን ላይ ስንት በመቶ ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር ይመለከታል። ጭማሪው በሚኒሞ ከፍ ብሎ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲደርስ የሚወርድ ከሆነ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ ማለት ነውና ሴንሰሩን መቀየር ምንም አይፈይድም፤ ጭማሪው በዳገትና በጭነት ጊዜ የሚያድግ ከሆነ ግን የቆሸሸ ሴንሰር ወይም የነዳጅ ግፊት ማነስ ይጠረጠራል። የሴንሰሩን የራሱን ንባብ ማየትም ይቻላል፤ የሞቀ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር በሚኒሞ በሰከንድ ወደ 2 ግራም ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ አየር መሳብ ይኖርበታል። ሩብ ሰዓት ያህል የሚወስደው ይህ ምርመራ ብዙ ጊዜ ሳይደረግ መቅረቱ ከጉዳዩ ሁሉ የሚያስቆጨው ነው፤ ያለአግባብ ለመቀየር የቆረጠ ባለመኪናም መካኒኩን አጣድፎ ምርመራውን ማስቀረት አለበት።

ሴንሰሩ በእርግጥ ቆሽሾ ቢገኝ እንኳ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ በማጽዳት ስም መግደል ይቻላል። ቀጭኑን ሽቦ በጥጥ ወይም በብሩሽ መፈተግ፣ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት፣ በቤንዚን ወይም በካርቡሬተር ማጽጃ ማጠብ ሽቦውን ሊበጥሰው፣ ፕላስቲኩን ሊጎዳው ወይም ሽቦው ላይ ቅባት ሊያስቀርበት ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን፣ ደርቆ ምንም የማያስቀረውን የሴንሰር ማጽጃ ሳይነኩ ከረጨ በኋላ በደንብ እስኪደርቅ የሚታገሥ ሰው ሴንሰሩን ሊያድነው ስለሚችል፣ ይህ መንገድ መዘለል ይኖርበታል። አቧራው ቶሎ እንዲመለስ ደግሞ የወረቀት ፊልትሮውን በመቀየር ፈንታ በከፍተኛ የአየር ግፊት ደጋግሞ ማስነፋት ይጠቅማል፤ ወረቀቱ በስቶ ወይም ሳስቶ ያሳለፈው አቧራ በመጀመሪያ የሚያርፈው በዚያው ሽቦ ላይ ነው።

የወጪው ነገር እንደሚከተለው ነው። በአሜሪካ የመለዋወጫ መደብሮች አንድ ጣሳ ማጽጃ ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ፣ ኦርጅናል ሴንሰር እንደ መኪናው ዓይነት ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ዶላር ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ስለተወደደ፣ በስህተት የተገዛ ሴንሰር ከቀድሞው ይበልጥ ያማል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለም በእጅ ያለውን መኪና በጥንቃቄ መያዝ ግዴታ ሆኗል። በአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው የአሮጌውን ሴንሰር ቁጥር፣ ለምሳሌ በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚገኘውን 22204-22010፣ ከአዲሱ ጋር ሳያስተያይ በዋጋው ርካሽነትና በካርቶኑ ላይ ባለው ስም ብቻ መግዛት ይኖርበታል። ሶኬቱ ልክ ገብቶ ንባቡ ግን የተዛባ አስመሳይ ዕቃ ኮምፒውተሩን በየሰከንዱ ያሳስታል፤ ነዳጅ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩም ከሴንሰሩ እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ይቃጠላል።

መግጠሙ አጭር ነው። ቁልፉን ሳያጠፉ ሶኬቱን መንቀል፣ የጎማ ቀለበቱን ማስቀረት፣ በፕላስቲክ ላይ የሚገቡትን ትንንሽ ብሎኖች ክራቸው እስኪበላ ማጥበቅ፣ ኮምፒውተሩ በቆሸሸው ሴንሰር የተማረውን ማስተካከያ ሳይሰርዙ መኪናውን ማስረከብ ይበቃል። በመጨረሻም ባለመኪናው አሮጌውን ሴንሰር ሳይጠይቅ መሄድ አለበት፤ ወደ ቤቱ ይዞት ቢሄድ በማጽጃ አጥቦ መልሶ ሊገጥመው፣ ንባቦቹን ሊያስተያይና የተለወጠው ዕቃ ጤነኛ እንደነበረ ሊደርስበት ይችላል።