የጉዛራው አውጫጭኝ

ተረት ተረት። አንዲት አደንጓሬ በአንድ ታላቅ ከተማ ዳርቻ ትኖር ነበር። መሬቱ ጥቁር፣ ጎረቤቶቿ ስንዴና ባቄላ፤ የሚያስከፋት ነገር አልነበረም። አንድ የበጋ ሰሞን ግን ቅጠሏ ላይ ነሐስማ ነጠብጣብ ወጣ። ተባይ የለ፣ ውርጭ አልወረደ፣ ውሃም አልጎደለባት። እያደር ቅጠሏ ደረቀ፣ ፍሬዋም ኮሰሰ። ማን እንደመታት ብታጣው ነፋስን «አያቴ፣ ዳኛ ካለበት አድርሰኝ» አለችው።

ነፋስ እንፍራንዝ አመጣት። ለምን እንፍራንዝ ቢሉ፣ ጉዛራ ያለው እዚያ ነው። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ይህ ግንብ፣ የጎንደር ግንቦች ገና ሳይታሰቡ ጣናን ቁልቁል ሲያይ የኖረ ነው። በዕድሜ የሚበልጠው ዳኛ ከወዴት ይመጣል? ጉዛራም የአደንጓሬዋን አቤቱታ ሰምቶ፣ «ተከሳሹ ያልታወቀ ነገር በበላ ልበልሃ አይዳኝም፤ አውጫጭኝ ይጠራ» አለ። በአውጫጭኝ ደንብ አገሬው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ካልወጣ ዕዳው የሁሉ ነው።

መጀመሪያ የተያዘው ኦዞን ነበር፤ በአደንጓሬዋ ቅጠል ቀዳዳ ሲገባ ስንዴ አይታዋለች። እሱም አልካደም። «የሦስት ኦክስጅን አቶሞች ልጅ ነኝ» አለ። «ወንድሞቼ ከምድር ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ክፉውን የፀሐይ ጨረር ይመክታሉ። እነሱን ለማዳን ሲባል በ1987 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ ውል ተፈርሟል። እኔ እዚህ ታች ተወልጄ ሳንባ እቆጠቁጣለሁ፣ ቅጠል አቃጥላለሁ። ደማችን አንድ ነው፤ የከፋው ቦታዬ ነው። ነገር ግን ራሴን በራሴ አልወለድኩም። መኪናውንም ፋብሪካውንም ፈትሹ፤ ከየትኛውም ጭስ ማውጫ እኔ ስወጣ አታገኙኝም።»

ወላጅ ሲፈለግ አያ ጭሶ ነጠላውን አደግድጎ ተነሣ። በሞተር ሆድ ውስጥ ናይትሮጅንና ኦክስጅን በጋለ እሳት ተጋብተው የወለዱት እሱን ነው። «ጌታዬ ጉዛራ፣ ፀሐይ ስትመታኝ ካለኝ ኦክስጅን አንዷን እለቃለሁ። እሷም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስትገጥም ይህ ልጅ ይወለዳል። አበደርኩ በሉ። ወዲያው ግን ብድሬን ከልጁ ላይ መልሼ እወስዳለሁ፤ ልጁም ይጠፋል። ሒሳቤ የተዘጋ ነው» አለ። እዚህ ላይ አያ ጭሶ አልዋሸም። መኪና በተጨናነቀበት ከተማ መሀል ኦዞን ብዙ ጊዜ ከዳርቻው ገጠር የሚያንሰው እሱ እየበላው ነው።

«ታዲያ ልጁ ከየት በዛ?» አለች እመት ጦጢት።

ወይዘሮ ትነት ስትገባ ሽታዋ ቀደማት። ቤንዚን፣ ቲነር፣ ቫርኒሽ፣ ማስቲሽ፣ ያልደረቀ ቀለም፣ በቀላሉ የሚተን ኦርጋኒክ ውህድ ሁሉ ወገኗ ነው። «እኔ ልጅ አልወለድኩም፣ የሰውም ቅጠል አልነካሁም» ብላ ማለች። ጉዛራ ግን የጠየቃት ሌላ ነበር፤ «ከአያ ጭሶ ጋር ምን አላችሁ?»

«ብድሩን እከፍልለታለሁ፤ ደግነት ነው።»

ነገሩ የወጣው በዚህች ደግነት ነው። ወይዘሮ ትነት በፀሐይ ተሰባብራ ለጭሶ ኦክስጅን ታቀብለዋለች። ብድሩን ከእሷ ያገኘ ጭሶ ልጁን አይነካም፤ ተመልሶ ያበድራል፣ ሌላ ልጅ ይወለዳል። እንዲህ ሲበዙ ይውሉና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተጭኗቸው ገጠር ይደርሳሉ። (ነፋስ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ ከሳሿን ያመጣትም እሱ፣ ጉዳቱን ያደረሰባትም እሱ።)

ትነት ብቻዋን መቆሙ ሲከብዳት ወደ ባሕር ዛፍ ጠቆመች። «እኔን? ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶ የሆንኩ፣ ማገር የሆንኩ!» አለ ባሕር ዛፍ። ቢሆንም በሞቃት ቀን ከቅጠሉ አይሶፕሪን የሚባል ትነት በብዛት ይወጣል። ዛፍን ስለምንወድ ይህን መስማት አንፈልግም፤ ትንፋሹ ግን ያው ነው። ደግነቱ ጭሶ በሌለበት ዱር ይህ ትንፋሽ ብቻውን ኦዞንን እምብዛም አያበዛም።

«በቃ፣ ጭሶን ማባረር ነዋ!» አለች ጦጢት፤ ሸንጎውም አጨበጨበ። ጥፋተኛ አንድ ሲሆን ፍርድ ይቀላል።

ነፋስ ምስክርነት ጠየቀ። «በ1943 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ ዐይን የሚያነድ ጭጋግ ሲወርድ ሕዝቡ በአንድ ፋብሪካ ፈረደ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ ጭጋጉ ግን አልተወም። የመኪናና የነዳጅ ማጣሪያ ትነት ከጭስ ጋር በፀሐይ ሲበስል ያን ጉድ እንደሚፈጥር አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ ኬሚስት ያሳየው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ሰበብ መንገድ ጭር ሲል ጭሶ ቀነሰ፤ በብዙ ከተሞች መሀል ግን ኦዞን ጨመረ። የሚበላው አጣና።»

ፀሐይ ስትጠየቅ «እኔ ለሁሉም እኩል ነው የማበራው» ብላ ወደ ጣና አዘቀዘቀች። ያለ እሷ አንድም ልጅ አይወለድም ነበር፤ ግን ፀሐይን ማን ይቀጣል?

ጉዛራ ሳይመሽ ፈረደ። «ጥፋተኛ አንድ አልወጣምና ዕዳው የሁሉ ነው፤ ድርሻው ግን እንደየቦታው ነው። ጭስ በበዛበት ከተማ ወይዘሮ ትነት ትቅደም፤ ማደያው ትነቱን መልሶ ይሰብስብ፣ ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ይሁን፣ አሮጌ ሞተር ይጠገን። ጭሶም ይቀነስ፣ ብቻውን ግን አይሁን። ዛፍ በበዛበት ገጠር ጭሶ ይከልከል፤ ዛፍ አይቆረጥ። አገሩ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ለሁለቱም ይበጃል፤ ቀድሞ የገባው ግን ዛሬም መንገድ ላይ ነው።»

ከባሕር ዳር ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ቤንዚን በሃይላንድ የሚቸረችር ልጅ ቆሞ ይሰማ ነበር። «እኔኮ የከፈትኩት አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው» አለ።

«ቀለም ቀቢው አንድ ቆርቆሮ፣ ሾፌሩ አንድ ሞተር ብለውኛል» አለ ጉዛራ። «ክዳኑን ግጠም፤ ደግሞም የሚተነው ገንዘብህ ነው።»