ቀዩ ይሻላል

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ከታቦር ተራራ በቀር ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር የላትም። ስለዚህ ተማሪውም፣ መምህርቷም፣ ግንበኛውም ሳይክል ይነዳል፤ በሰዓት ተከራይቶ፣ ወድቆ ተነሥቶ ያልተማረ የከተማዋ ልጅ ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ እስከ ዛሬ እግሩን ፔዳል ላይ ጣል እያደረገ፣ ሲያሰኘው እያነሣ፣ በነጠላ ጫማም ቢሆን ያሰበበት ሲደርስ ኖሯል። ሰሞኑን ግን ፒያሳ በረንዳ ላይ አዲስ ጥያቄ ተነሥቷል፤ እግራችንን ከየትኛው ፔዳል ጋር እንሰረው?

ጥያቄው የሚነሣው ከሰዓት በኋላ፣ ማኪያቶ ሲቀርብ ነው። ተሟጋቾቹ ጥብቅ ቁምጣ ለብሰዋል፤ ሳይክላቸውን ከወንበራቸው አጠገብ አስደግፈዋል፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። ከተቀመጡ ቆይተዋል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ከጫማው ሶል ሥር ክሊት የምትባል ቁራጭ በብሎን ትታሰራለች። ፔዳሉ ደግሞ በሞላ የሚሠራ መንጋጋ አለው። በእግር ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ ይይዛል፤ ተረከዝን ወደ ውጭ ሲያዞሩ ይለቃል። ብልሃቱ የመጣው ከበረዶ ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች የጫማ ማሰሪያ ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ያንኑ ወደ ሳይክል ፔዳል አዞረው። በማግሥቱ ዓመት በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ፤ ተወዳዳሪው ሁሉም እየተከተለ እግሩን አሰረ። በ1990 የጃፓኑ ሺማኖ ለተራራ ሳይክል የሚሆነውን፣ ኤስፒዲ የሚባለውን አወጣ። እነሆ ለበረዶ የታሰበው ነገር፣ በረዶን ከፍሪጅና ከክረምት ዶፍ በቀር ወደማታውቀው ከተማ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ዓለም በባለሁለት ብሎንና በባለሦስት ብሎን ተከፍላለች። ባለሁለት ብሎኗ ክሊት ትንሽ ብረት ናት፤ ሶሉ ውስጥ ገብታ ስለምትቀመጥ ሰው እንደ ሰው ይራመድባታል። ባለሦስቷ ሰፋ ያለች ፕላስቲክ ናት፤ ለእሽቅድምድም ጥሩ ሆና ከሶሉ ሥር ወጣ ብላ ትቀመጣለች። ይህችን ተጫምቶ የካፌ ሴራሚክ ላይ መራመድ ሌላ ስፖርት ነው። ባለጫማው ከወንበሩ ተነሥቶ እስከ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ተረከዙን እያስቀደመ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየተደገፈ ነው። አስተናጋጇ ታሟል ብላ መንገድ ትለቅለታለች።

አንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ባለሦስት ብሎን ክሊት ባለሁለት ብሎን ፔዳል ላይ ቢጫኑት፣ ቢለምኑት፣ ቢሳደቡት አይገባም። በሰለጠነው አገር ይህን ሱቅ ገብቶ፣ ጠይቆ፣ ለክቶ መግዛት ይቻላል። እኛ ዘንድ የሚመርጠው ሻንጣ ነው። ጫማው ዳላስ ካለ አጎት ይመጣል፤ ሦስት ቀዳዳ አለው። ፔዳሉ ዱባይ ካለች እኅት ይመጣል፤ የሁለት ብሎን ነው። ወጣቱ ሁለቱንም ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ጫማውን ለካፌ፣ ፔዳሉን ለፎቶ ያውለዋል፤ ሳይክሉን የሚነዳው በድሮው ጠፍጣፋ ፔዳልና በሰልባጅ ስኒከር ነው። ክርክሩ ላይ ግን እንደሱ የሚጮህ የለም።

ዕድለኛው፣ ሁለቱም የገጠመለት ደግሞ፣ ለባለሙያ ማሳየትን እንደ ውርደት ቆጥሮ ቤቱ ራሱ ሊገጥም ይቀመጣል። የግራው ፔዳል የሚጠብቀው በተቃራኒው፣ በግራ ዙር መሆኑን የነገረው የለም። እምቢ ሲለው ቧንቧ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ያጠብቀዋል፤ ጥርሱ ያልቃል። ብየዳ ቤት ይወሰዳል። ያ ፔዳል አሁን ከሳይክሉ ጋር በብየዳ ተጋብቶ ይኖራል፤ ሞት ካልሆነ አይለያቸውም።

ወደ በረንዳው ልመልሳችሁ፤ ዋናው ጉድ ያለው እዚያ ነውና። ክሊቶች በቀለም ይለያሉ። ቀለሙ የሚነግረው እግር ከተያዘ በኋላ ግራ ቀኝ ስንት ዲግሪ መላወስ እንደሚችል ነው፤ ለጉልበት ጤና የሚጠቅም ነገር ነው። አንዱ ተነሥቶ፣ «ቀዩ ይሻላል፤ ቀዩ እግር ያላውሳል» ይላል። ሌላው ጠረጴዛ መትቶ፣ «ቀዩማ ጉልበት ይጨርሳል! ቅንጣት አያላውስም» ይላል። ዋቢ ይጠራል፤ ዩቲዩብ ይከፈታል፤ ኔትወርክ እምቢ ይላል። ያጎት ልጅ ይደወልለታል። ሦስተኛው ሊያስታርቅ ገብቶ፣ «ቢጫውስ?» ብሎ ከሁለቱም ይጣላል።

እውነቱ ሁለቱም ልክ ናቸው። የሉክ ቀይ ክሊት 9 ዲግሪ ያላውሳል፤ ከኩባንያው ሁሉ ለቀቅ ያለው እሱ ነው። የሺማኖ የእሽቅድምድም ቀይ ክሊት ዜሮ ዲግሪ ነው፤ እግርን ሰፍቶ ይይዛል። ዜሮ የሚፈልግ የሉክ ደንበኛ ጥቁሩን ይገዛል፤ ላላ ያለ የሚፈልግ የሺማኖ ደንበኛ ቢጫውን፣ ባለ6 ዲግሪውን። የሁለቱም ስም ክሊቱ ላይ ተጽፏል። ይሁንና ያ ሁሉ ሰው ሲከራከር ጫማውን ገልብጦ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሊስትሮው። እሱም አገላብጦ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ከሥሩ ወጥቷል፤ ልምታልዎት?» አለ።

ሊስትሮው የጠየቀው ከክርክሩ ሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነው እላለሁ። ፒያሳ ላይ ሳይክል መንዳት ማለት እኮ መቆም ማለት ነው። ቅዱስ ገብርኤል ደጅ ስትደርስ ትሳለማለህ። ሁለት ክንድ ሳትርቅ ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ፊትህ ላይ ቀጥ ይላል። ባጃጁን ስታልፍ የአባትህ ጓደኛ፣ ጋሽ እገሌ፣ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እሳቸውን ሳይክል ላይ ተቀምጠህ በጣት ሰላም ብለህ ልታልፍ ነው? ወርደህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ትከሻ ገጥመህ፣ እማማ እንዴት ናቸው፣ ልጆቹስ፣ ዝናቡስ ተባብለህ ነው የምትሄደው። አባቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ እርካብ ውስጥ የሚያስገቡትም አውራ ጣታቸውን ነበር። የሚከበር ሰው ሲያጋጥም መውረድ ግድ ነው፤ ለመውረድ ደግሞ አንዲት ጣት መንቀል ይበቃል።

የታሰረው ወጣት ግን ጋሽ እገሌን ሲያይ ፍሬን ይይዛል፤ ሳይክሉ ይቆማል፤ ፈገግ ይላል፤ እጁን ይዘረጋል። እግሩ መታሰሩ ትዝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ተረከዙን ማዞሩን ትቶ ወደ ላይ ይጎትታል፤ መንጋጋው ደግሞ የተሠራው ወደ ላይ ሲጎተት እንዳይለቅ ነው። እና በዜሮ ፍጥነት፣ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ እጁ እንደተዘረጋ፣ በጎኑ ይጋደማል። በረንዳው በአንድ ድምፅ «እኔን!» ይላል። ቡና የምትጠጣ እናት ደረቷን ትመታለች፤ ጋሽ እገሌ «የትኛው በሽታ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለት ሰዎች ሊያነሡት ሲጎትቱት ሳይክሉም አብሮ ይነሣል።

ሙያው ያደረጉትን አላማም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እግሩ ሳይታሰር አይታሰብም ነበር። ኤርትራዊው ጎረቤታችን ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲለብስ፣ በዚያ ፍጥነት ተነሥቶ ሲረግጥ እግሩ ቢያመልጠው አስፋልቱ አይምረውም። የታሰረ እግር ለእንዲህ ዓይነቱ የመጨረሻ ሩጫ ጥቅም አለው። በመጠነኛ ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ግን የሚቆጥብለት ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ተለክቶ ታይቷል። ከፒያሳ ፍቅር ሐይቅ ድረስ ማኪያቶ ጠጥቶ አሳ ሊበላ የሚወርድ ሰው ደግሞ የመጨረሻ ሩጫ የለበትም። አሳው አይሸሽም።

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ፣ ስለ 9 ዲግሪ ሲማማሉ የነበሩት ጓዶች ሲነሡ ሳይክላቸው ያሰማው ድምፅ ነው። ካቴናው ዘይት ካየ ክረምት አልፎታል። የኋላ ጎማው ለስልሶ ከመነዳሪው ሊታይ ነው። ፍሬን ሲይዙ የሚጮኸው ብረት ነው፤ አንዱማ የሚያቆመው በጫማው ነው፤ ያችኑ የተከራከረላትን ክሊት አስፋልት ላይ እየጎተተ።

ስለዚህ የበረንዳው ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መታሰሩ ካልቀረ ባለሁለት ብሎኑን ግዙ፤ በአንድ ፊቱ መንጋጋ፣ በሌላ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነውን ካገኛችሁ ለፒያሳ ከሱ የተሻለ የለም። የሞላውን ውጥረት በትንሿ ቁልፍ እስከ መጨረሻው አላሉት። ሣር ላይ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ተለማመዱ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ሠሪ ጋ ጎራ በሉና የፍሬን ሸራችሁን አስቀይሩ፤ አልቋል።