ከኩሬው አፋፍ የተመለሰ ዳና

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአንድ ተራራ ግርጌ፣ አውሬዎች በሸንጎ የሚተዳደሩበት አገር ነበር። ሰብሳቢው አያ አንበሶ፣ ገንዘብ ያዡ አያ ነብሮ፣ ጸሐፊዋ እመት ጦጢት ነበሩ። በበጋ ውኃ የሚገኘው ከተራራው ወገብ ከምትፈልቅ አንዲት ምንጭ ብቻ ስለነበር እናቶች ግልገሎቻቸውን አስከትለው ግማሽ ቀን ሽቅብ ይወጡ ነበር። ሸንጎው አዘነላቸውና ሜዳው ላይ ኩሬ ይቆፈር አለ። አያ አንበሶ ግን ጠንቃቃ ነበርና «መጀመሪያ ጥናት ይካሄድ» ሲል አዘዘ።

ጥናቱን እመት ጦጢት ተረከበች። አንደበተ ርቱዕና ተግባቢ ነበረች። በሸንጎ ቀን፣ በቀትር፣ ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ያለፈ ያገደመውን እየጠራች «ሸንጎው ለእናንተ ብሎ ኩሬ ሊቆፍር ነው፤ አትደሰቱም?» ትል ጀመር። መቶ ጠየቀች፤ መቶውም «እንዴታ!» አሉ። ሪፖርቱ ቀረበ፣ ተጨበጨበ። ከርከሮዎች ቆፈሩ፣ ዝሆኖች ድንጋይ ተሸከሙ፣ ክረምቱም ኩሬውን ሞላው።

በጋ ሲገባ እናቶቹ እንደ ወትሯቸው ሽቅብ ወደ ምንጯ ወጡ።

ሸንጎው ግራ ተጋባ። እመት ጦጢት «ግንዛቤ አንሷቸው ነው፤ ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጣቸው» አለች። በሰዎችም አገር ብዙ የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮጀክት እዚህች ላይ ሲደርስ ምርመራው ያከትማል። ጤና ጣቢያው ለምን ባዶ እንደዋለ፣ መጸዳጃ ቤቱ ለምን የማገዶ ማስቀመጫ እንደሆነ ሳይጣራ ጥፋቱ በተገልጋዩ ላይ ይወድቃል።

ያን ጊዜ ከጥግ አንዲት ወጣት ጃርት ተነሣች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመት ጦጢት። እኛ የሌሊት ወጪዎች ነን፤ በቀትር ዋርካው ሥር ማንም አያገኘንም። ማን ጠየቀን?» ሸንጎው ዝም አለ። አያ አንበሶ «እንግዲያው አንቺ ጠይቂ» አላት። «አልተማርኩትም፣ ጌታዬ።» «ተማሪዋ!»

በዚያ ወቅት ነጭ ሽመላዎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዳር ያርፉ ነበር። ከመካከላቸው ብዙ አገር ያየች አንዲት አሮጊት ሽመላ ነበረችና ጃርት እግሯ ሥር ተቀመጠች። አሮጊቷ መጀመሪያ የነገረቻት ታሪክ በሰዎች ላይ በእውነት የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመጠይቅ ካርድ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስም ሰበሰበ። ያሸንፋል ያለው እጩ ላንደንን ነበር። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ደግሞ ስልክም መኪናም የሌለው ብዙ ነው። ካርዱን መልሶ መላክም የልብ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የመለሰና ያልመለሰ ሐሳቡ አንድ አይደለም። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ ግን እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ፣ ጠያቂዎቹን ግን ወደ ልዩ ልዩ የኑሮ ደረጃ ልኮ፣ አሸናፊውን አወቀ።

«ስለዚህ ልጄ» አለች ሽመላዋ፣ «ስንት ጠየቅሽ ከመባልሽ በፊት እነማን ቀሩብኝ በይ።»

ጃርት የነዋሪውን መዝገብ ከሸንጎው ተቀብላ አገላበጠችው። የሞቱ አጋዘኖች አሉበት፤ ከሰደድ እሳት ሸሽተው ከገደሉ ማዶ የሰፈሩት የሉበትም። እኛም ዘንድ ይኸው ችግር አለ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር በቅሏል፣ ስንት ሰው ተፈናቅሏል። ናሙና የሚወጣው ከመዝገብ ነውና ከመዝገቡ የጎደለ ሰው ዕጣ እንኳ አይደርሰውም። ጃርት ጉድጓድ ለጉድጓድ፣ ጎጆ ለጎጆ ዞራ መዝገቡን አደሰች። አድካሚ ሥራ ነው፤ ማንም አያጨበጭብለትም። የጥናቱ ታማኝነት ግን ግማሹ እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ጥያቄ ማዘጋጀት ተማረች። «አትደሰቱም?» የሚለው መልሱን በጉያው ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ የሸንጎው ጸሐፊ፣ ቦታው የአንበሳ ደጃፍ፤ ማን «አልደሰትም» ይላል? ጃርት በፈንታው «ትናንት ውኃ የጠጣችሁት የት ነው? በየት በኩል ሄዳችሁ? ከማን ጋር?» ብላ ጻፈች። ለሙከራ ጥቂት ጥንቸሎችን ስትጠይቅ «ከማን ጋር?» ሲባሉ ጆሯቸው ቆመ፤ የምርመራ ጥያቄ መሰላቸው። ያንን ወደ መጨረሻ፣ ጨዋታው ከሞቀ በኋላ አወረደችው። ስንት ከብት አለህ ሲባል ግብር ሊጣል ነው ብሎ፣ ወይም እርዳታ ሊቀርብኝ ነው ብሎ ቁጥር የሚያሳንስ ገበሬ ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ቀድመው የመጡ ጠያቂዎች ያስተማሩት ነገር አለ።

«አሁን ልጠይቅ?» አለች ጃርት። ሽመላዋ «ገና ነው፤ መጀመሪያ ተቀምጠሽ ተመልከቺ» አለቻት።

ጃርት ሌሊት ሌሊት ኩሬው ዳር ካለው ጉቶ ሥር እየተቀመጠች አነጋች፤ ጎሕ ሲቀድ ጭቃው ላይ ያለውን ዳና እየተከተለች አነበበች። ትንንሽ ሰኮናዎች ከሜዳው ቀጥ ብለው መጥተው ከመጨረሻው ግራር ሥር ይቆማሉ። እዚያ ዳናው ይጠልቃል፤ ብዙ ቆመዋል፣ ክብደታቸውን ካንዱ እግር ወዳንዱ አዛውረዋል። ከዚያ ፊታቸውን ያዞሩበት ቦታ ላይ ጭቃው ተፈንጥሯል፤ የመልሱ ዳና ተራርቋል፤ ሮጠዋል። የከርከሮ ዳና ውኃው ድረስ ይደርሳል፣ ግን የወንዱ ብቻ ነው፤ ከጎኑ የግልገል ዳና የለም። በድንጋይ ካቡ በኩል ደግሞ ጥፍር የቧጨረው መስመር ወደ ላይ ይወጣና ይቋረጣል፤ ከሥሩ የኤሊ ቅርፊት የወደቀበት ክብ ጉድጓድ አለ። ጃርት ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ሁሉንም በዛፍ ቅርፊት ላይ ነደፈች። ለምን እንደሆነ ግን ዳናው አይናገርም።

ለመጠየቅ ወደ ምንጯ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ሽመላዋ አስቀምጣ ሌላ ታሪክ ነግራት ነበር፤ ይህም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በአላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በተባለ ቦታ፣ የመንግሥት ሐኪሞች 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ለጥናት ያዙ። አብዛኞቹ ቂጥኝ ነበረባቸው። «መጥፎ ደም» አለባችሁ፣ እያከምናችሁ ነው ተባሉ እንጂ እውነቱ አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን የበሽታው መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላም እንኳ ተነፈጋቸው፤ የበሽታው አካሄድ እንዲታይ። ነገሩ ሲጋለጥ ያስነሣው ቁጣ እ.ኤ.አ. በ1979 የቤልሞንት ሪፖርትን አስከተለ፤ ተጠያቂውን ማክበር፣ አለመጉዳትና መጥቀም፣ ሸክሙንና ጥቅሙን በፍትሕ ማካፈል የምርምር ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ጃርት ይህን ሰምታ አለቀሰች። ምንጯ ጋ ስትደርስም ከሁሉ በፊት ማን እንደላካት፣ ለምን እንደመጣች፣ አልናገርም ማለት እንደሚቻል፣ ስም እንደማትይዝ ተናገረች።

መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ ሰበሰበች። የተናገሩት ወንዶቹ አጋዘኖች ብቻ ነበሩ፤ እናቶቹ ሣር ይነጫሉ። በማግስቱ እናቶቹን ለብቻቸው አወያየች። አንዲት ሚዳቋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከግራሩ ጀርባ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ የሚተኛውን አንቺም ታውቂዋለሽ» አለች። ስም አልጠራችም፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ጃርት አያ ነብሮን አሰበች።

አንዲት ጅግራ ግን ያልጠበቀችውን ነገረቻት። «መንገዱ አድካሚ ነው፤ ሆኖም እርስ በርስ የምንተያየው እዚህ ነው። የታመመ የምንጠይቀው፣ የሞተበትን የምናስተዛዝነው እዚህ ነው። ኩሬው የሸንጎው ደጅ ነው፤ እዚያ ማን ያወራል?» ጃርት መንገዱ ሸክም ብቻ ነው ብላ ነበር የመጣችው። ይህ መልስ ከሐሳቧ ጋር አልገጠመም፤ ሊጻፍ የሚገባው ግን በተለይ ይህ ነበር፤ ጻፈችው።

ጨርሳ ወደ ሸንጎው አልሮጠችም። የጻፈችውን ለራሳቸው ለባለቤቶቹ አነበበችላቸው። «እናቶች ፈርተው ወደ ኩሬው አይቀርቡም» የሚለው ላይ ስትደርስ ሚዳቋዋ አቋረጠቻት። «ፈሪዎች አይደለንም። አስልተን ነው። ለአንድ ጉንጭ ውኃ ግልገል አይከፈልም።» ጃርት «ፈርተው» የሚለውን ፍቃ «አመዛዝነው» ብላ ጻፈች።

ሸንጎው ፊት ስትቀርብ አያ ነብሮ ጅራቱን እያወዛወዘ «ማን ነው ይህን ያለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ስም አልያዝኩም፣ አያ ነብሮ። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«ስም ከሌለው ሐሰት አለመሆኑን በምን እናውቃለን?»

እሾሆቿ ቆሙ፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ለብቻቸው የተወያዩት እናቶች አንድ ነገር ተናግረዋል፤ ጭቃውም ያንኑ ይላል። አያ አንበሶ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና እርስዎ ራስዎ ወርደው ዳናውን ይመልከቱ።»

አያ አንበሶ ወረደ። ከግራሩ ሥር ቆሞ የሰኮናዎቹን መዞሪያ ረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ወደ ቁጥቋጦውም ተመለከተ። ማን እንደተናገረ አልጠየቀም። ቁጥቋጦው እንዲመነጠር፣ ካቡም በአንድ በኩል ተዳፋት እንዲሆን አዘዘ። የጅግራዋ ነገር ግን በትእዛዝ የሚፈታ አልነበረም፤ ሸንጎው መቀመጫውን ከኩሬው ያርቅ ወይስ አያርቅ በሚለው እስከ ግንቦት ተከራከሩ።

እመት ጦጢት ወደ ጃርት ጉድጓድ መጥታ «አስተምሪኝ» ያለችው ገና ክርክሩ ሲጀመር ነው። ጃርት በደስታ ተቀበለቻት፤ ማንንም ማነጋገር የምትችል ጠያቂ እንደ ልብ አትገኝም፤ የቀራት ማዳመጥ ብቻ ነበር። ለመጀመሪያ ሥራዋ ወደ አሮጊቷ ኤሊ ላከቻት።

«እሜቴ፣ ስለ ኩሬው የሚሉኝ ካለ?» አለች ጦጢትና ዝም አለች። ኤሊዋ አንገቷን አወጣች፣ አሰበች፣ ሣር በላች፣ እንደገና አሰበች። ጦጢት ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው።

«ይህ አፈር ውኃ ያሰርጋል» አለች በመጨረሻ ኤሊዋ። «ሥሩ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የኩሬው ወለል በሸክላ አፈር ካልተለሰነ እስከ ሚያዝያ አይደርስም። በአያቴ ዘመንም አንድ ኩሬ እንዲሁ ቀርቷል።»

ጦጢት የጃርትን እሾህ አውጥታ ጻፈችና «ይህን የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? እነሱንም ልጠይቅ» አለች። ኤሊዋ የሦስት ባልንጀሮቿን ጉድጓድ ነገረቻት። ሁለቱ ቅርብ ናቸው፤ ሦስተኛው ከገደሉ ማዶ፣ ከሸንጎው ማንም ደርሶ በማያውቅበት ሰፈር ነው። ጦጢት ከሦስተኛው ለመጀመር ወሰነችና ገና ሳይመሽ ተነሥታ መንገዱን ጀመረች።