ውዳሴ ዜሮ ማርሽ

የአገራችን የነዳጅ ችግር መፍትሔ ከተገኘ ቆይቷል፤ የሚያዳምጠው ጠፋ እንጂ። የተገኘውም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳይሆን ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። አሮጌው የናፍጣ ሚኒባስ የእንጦጦን ትከሻ እያቃሰተ ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ከታች ብቅ ስትል፣ ሾፌራችን ፍሪሲዮኑን ረገጥ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ ጣል አድርጎ ወንበሩን ደገፍ ይላል። ከዚህ በኋላ የሚነዳው የመሬት ስበት ነው። የመሬት ስበት ደግሞ ከጅቡቲ በቦቴ አይመጣም፣ ወረፋ አያሰልፍም፣ በቴሌብር ካልከፈላችሁኝ አይልም።

የቀደሙት ይህን ጥበብ ባለማወቃቸው ብዙ ተንገላተዋል። በየካቲት 1966 የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የመምህራኑና የተማሪው ተቃውሞ ተጨመረበት፣ ከተማው ታመሰ፣ ጭማሪው ተቀነሰ፤ ወሩ ሳያልቅም የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ያ ሁሉ ግርግር ለምን? አንድ ደህና ቁልቁለትና አንድ ዜሮ ማርሽ በበቃ ነበር። የዛሬዎቹ ብልሆች ናቸው። መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 49 ብር ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ማብቂያ ወደ 99 ብር ደረሰ። የእኛ ሊቅ ይህን ሲሰማ እጁን የሰደደው ወደ ካምቢዮው ነው።

ምቀኛ ግን አይጠፋም። አንዳንድ መካኒክ ነን የሚሉ ሰዎች ይህን ጥበብ ለማጣጣል የሚያወሩት ነገር አለ። እንደነሱ አባባል፣ እንደ ሃይኤስ ባለ አሮጌ የናፍጣ መኪና ማርሽ ሳይወጣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። የናፍጣ ፖምፓው መቆጣጠሪያም ሞተሩ ከሚገባው በላይ እየዞረ መሆኑን አይቶ ናፍጣውን ይዘጋል። ወደ ኖዝል የሚሄደው ከምንም አይቆጠርም። ማርሹ ዜሮ ላይ ሲወድቅ ግን ጎማውና ሞተሩ ይለያያሉ። ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ችሎ መዞር አለበትና ፖምፓው እንደገና ናፍጣ ማቅረብ ይጀምራል። ደህና የተያዘ ሞተር እንኳን ቆሞ ሲዞር በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ያረጀው ደግሞ ይበልጣል። ቁልቁለቱ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ፣ በዚያው በ99 ብር ሒሳብ፣ ስምንት ብር አካባቢ መሆኑ ነው።

ነገሩን ስንደምረው፣ ሾፌራችን ናፍጣ ለመቆጠብ ሲል ሞተሩ በነፃ የሚሰጠውን ፍሬን ትቶ በስምንት ብር ፍሬን አልባ ቁልቁለት ይገዛል። በእርግጥ ፍሬን አልባ ማለት ጨካኝነት ነው፤ ፔዳሉ አለ። መኪናውን፣ ተሳፋሪውንና በፖርቶ መጋላ ላይ የተከመረውን ጆንያ ሁሉ ብቻውን ይዞ ይወርዳል። አዲሱ ገበያ ሲደረስ የሚሸተው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ነው። ተሳፋሪው አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍናል እንጂ ምን ይላል? ቁጠባው እየሸተተው ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግም አለ። ዜሮ ማርሽ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሆነ ሞተሩን ጨርሶ ማጥፋት ዶክትሬት ነው። እዚህ ላይ መካኒኮቹም ስምንቷን ብር አያነሱም፤ ናፍጣ በእውነት አይቃጠልም። የፍሬኑን ጉልበት የሚያግዘው ቫኪዩም ግን ብዙዎቹ የናፍጣ ሃይኤሶች ላይ የሚመጣው ከዲናሞው ጋር ከምትዞር ትንሽ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፗም ትቆማለች። ተጠራቅሞ የቀረው ለሁለት ለሦስት እርግጫ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ሁለቱን እግሮቹን ጭኖ ይቆምበታል። መሪውም በሞተር ኃይል የሚታገዝ ከሆነ አብሮ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ውስጥ አንዲት እናት ከኋላ፣

«ልጄ፣ ሞተሩ ጠፋ እንዴ?» ይላሉ።

«አይዞዎት እማማ፣ ቁልቁለት ነው» ይላል ሾፌሩ።

«አሃ፣ እኔ ደግሞ የተበላሸ መስሎኝ!» ብለው ያማትባሉ። መቼም ማማተብ ናፍጣ አይፈጅም።

አሁን ሾፌሩ ሞኝ ነው የሚል አንባቢ ካለ የታክሲን ሒሳብ አያውቅም ማለት ነው። በብዙ ሚኒባሶች ያለው ስምምነት ይህ ነው፤ ሾፌሩ ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስገባል፣ ናፍጣውን ከራሱ ይቀዳል፣ የጥገናው ወጪ ግን የባለንብረቱ ነው። ናፍጣው የሾፌሩ፣ ሸራው የባለንብረቱ፣ ነፍሱ የተሳፋሪው ሆኖ ተከፋፍሏል። ሾፌሩ የሚቆጥበው የራሱን ነው፤ የሚያቃጥለው የሰው ነው። ባለንብረቱም አይሞኝም። ኖዝሉ ያፈሳል፣ ፖምፓው ማስተካከያ ይፈልጋል ሲሉት፣ «ናፍጣው የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን እየሰማ ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለ የተሟላ ሥርዓት የትኛውም የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። ተሳፋሪው ብቻ ለሁለቱም ይከፍላል።

ወደ ቡራዩ እንሂድ። ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ነፍሱን የሚያስይዘው ሰው ወረፋ ሲደርሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ሞተሩን አያጠፋም። ረዳቱ «አስኮ! አስኮ! አንድ ሰው! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጣራ፣ መኪናው በሩን ከፍቶ ያጓራል። ሾፌሩ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ይላል፣ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አሁንም ወደ ፊት። አሁን ሊሄድ ነው ብሎ የሮጠ መንገደኛ ይገባና ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል። ይህ ጭፈራ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ግን ወጪ ተብሎ አይመዘገብም፤ ማስታወቂያ ነው። ናፍጣ ማደያ ላይ ተሰልፎም ያው ነው፤ ናፍጣ ለመቅዳት ናፍጣ እያቃጠለ ይጠብቃል። ለምን አያጠፉትም ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ሞተሪኖው እንደገና ላያስነሳ ይችላል፣ ባትሪው ሞቷል፣ ካንዴሌታው ተቃጥሏል ይባላል። እነዚህን ሦስቱን የሚያስጠግነው ማነው? ባለንብረቱ። ናፍጣው የማን ነው? ወደዚያው ተመለስን።

የጋራዡ ሕክምና ደግሞ ሌላ ነው። ሰበታም ዓለም ገናም መንገድ ዳር የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ሞተሩ ይግላል ተብሎ ሲቀርብለት በመጀመሪያ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ይጥላል። ቴርሞስታት ውሃው 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚያግድ ትንሽ በር ነው፤ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የተሠራ። የጥፋቱ ሥር ብዙ ጊዜ በዝገት የተደፈነው ራዲያተር ነው፤ ግን ራዲያተር ማጠብ ቀን ይፈጃል፣ በር መንቀል አሥር ደቂቃ። መኪናው ከዚያ ወዲያ በሱሉልታ የጥዋት ውርጭ ውስጥ ሳይሞቅ ይነዳል፣ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል፣ ሾፌሩም «ይበላል፣ ይህ መኪና ይበላል» እያለ ይተክዛል። ከዚያ ለቁጠባ ወደ ዜሮ ማርሽ።

ጉልበት አነሰው ሲሉት ደግሞ ፖምፓው ይከፈታል። የናፍጣውን ልክ የምትወስነውን ብሎን በመፍቻ ጥቂት ማዞር ነው፤ ጥበቡ ይኸው። ችግሩ ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ መሆኗ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነውና፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ቀድሞም የሚበቃ አየር አያገኝም። ናፍጣ ቢጨመርለት የሚያቃጥልበት የለውም፤ ጥቁር ጭስ አድርጎ በማርሚታው ይመልሰዋል። በውድ የተቀዳ ናፍጣ ሳይሠራ ወደ ሰማይ ሲያርግ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶ፣ «አሁን ጉልበት አለው!» ይላል። ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ የሠራባት፣ አትሌቱ ሁሉ ለሳሳው አየሯ ሲል የሚሰፍርባት ከተማ ናት ሱሉልታ። ሯጮቹ በጥዋት በአስፋልቱ ጠርዝ ሲሮጡ ሳንባቸው የሚያገኘው ይህንኑ ጭስ ነው። ምናልባት ኦሎምፒክ ላይ ንጹህ አየር ሲገጥማቸው የሚፈጥኑት ለዚህ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ሾፌሮቻችን የሜዳልያው ድርሻ ሊሰጣቸው ይገባል።

የጎማ ንፋስ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የአየር ማጣሪያ የሚባሉ ነገሮችም አሉ፤ ግን እነሱ ክብር የላቸውም። ጎሚስታ ዘንድ ቆሞ ንፋስ ማስሞላት ማንን ያስደንቃል? በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ መለወጥ ምን ጀግንነት አለው? ናፍጣ ላይ ነጭ ጋዝ መቀላቀልም ከቁጠባ ጥበቦች አንዱ ነበር። ነጭ ጋዙ ፖምፓውን የሚያለሰልስ ቅባት ስለሚያንሰው ፖምፓውን ይበላዋል፤ ግን ይህም ያው የባለንብረቱ ነው።

እንግዲህ እነዚህን መኪኖች ቶሎ እንገላገላለን ማለት ዘበት ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ማስገባት ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተባለ። ያለው አሮጌ ሚኒባስ ስለዚህ ውድ ሆኖ ለዘላለም ይኖራል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ሰበታ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያሳምረዋል። ባቡሩ ያለ ናፍጣ ይሄዳል፤ ከዚያው ከጅቡቲ በኩል ቦቴዎቹ ናፍጣ እያቃጠሉ ናፍጣ ያመጣሉ፤ ናፍጣው ቡራዩ ወረፋ ላይ ቆሞ ይቃጠላል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ሸገር ከተማ ተብለው አንድ ላይ ስለተጠቃለሉ፣ አቤቱታ የሚቀበል አንድ አስተዳደር ተገኝቷል ማለት ነው። ስለዚህ በሾፌሮቹ ስም አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ያለው መንገድ ሲመለሱ ዳገት ሆኖ መገኘቱ የተቆጠበውን ናፍጣ ሁሉ መልሶ እየበላ ነውና፣ መመለሻው ቁልቁለት ሆኖ እንደገና እንዲሠራልን። ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስም ተሳፋሪዎች ዳገቱ ሥር ወርደው እንዲገፉ ይፈቀድ። ለገፉት ግን የታሪፍ ቅናሽ አይደረግም፤ ተገፍቶም ቢሆን መኪናው ይሄዳል።