መኪናዎ ጎማ እንድትበላ የሚያደርጉ ስድስት ምክሮች

ጎሚስታው ደጃፍ ቁጢጥ ብዬ መዳፌን በፊት ጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አሻሸሁት፤ ለሰለሰኝ። ከውስጥ ወደ ውጭ ስመልሰው ግን እንደ መጋዝ ቧጠጠኝ። ከሦስት ወር በፊት የጎማዎቹን አሰላለፍ እቤት ያስተካከልኩት እኔው ነኝ። ስህተቴን በተራ አስቀምጬዋለሁ። ጎማ መጨረስ የሚፈልግ ይከተለው፤ ለገንዘቡም ለነፍሱም የሚሳሳ ተቃራኒውን ያድርግ።

1. መሣሪያ ይግዙ እንጂ መኪናዋን አይመርምሩ። ጎማውን በክሪክ አንስቶ ግራና ቀኙን ይዞ መነቅነቅ የደቂቃ ሥራ ነው። ቴስቲናው ወይም ኩሽኔታው ላልቶ ከሆነ እጅ ላይ ይታወቃል። በላላ ቴስቲና ላይ የተወሰደ ልክ መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ ይለወጣል። እኔ የዘለልኩት ይህን ነው።

2. ውዱን መሣሪያ ይምረጡ። እቤት በእርግጥ የሚስተካከለው ቶ የሚባለው ነው፤ የሁለቱ የፊት ጎማዎች ርቀት ከፊት በኩልና ከኋላ በኩል ሲለካ ያለው ልዩነት ማለት ነው። ለዚህ ሲባጎ፣ ሲባጎውን የሚወጥሩ አራት ማቆሚያዎችና ሚሊ ሜትሩ በደንብ የሚነበብ የብረት ማስመሪያ ይበቃሉ። የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጋደል፣ ካምበር የሚሉት፣ በብዙ የቤት መኪና ላይ ማስተካከያ እንኳ የለውም። ለእሱ ጋራዥ ይሂዱ።

3. ሲባጎውን የኋላ ጎማ አስነክተው ወደ ፊት ይወጥሩ። በብዙ መኪና የፊት ጎማዎች የግራና ቀኝ ርቀት ከኋላዎቹ ጋር እኩል ስላልሆነ ሲባጎው ከመነሻው ይጣመማል። መለካት ያለበት ከቸርኬው መሃል እስከ ሲባጎው ነው፦ የፊት ግራና ቀኝ እርስ በርስ እኩል፣ የኋላ ግራና ቀኝም እርስ በርስ እኩል።

4. ከክሪክ እንዳወረዱ ይለኩ። ጎማው መሬት ሲይዝ ተጨናንቆ ይቆማል። መኪናዋን ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት፣ የጎማዎቹን ነፋስ ማመጣጠን፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ማሰር ይቅደም።

5. ሚሊ ሜትር ይናቁ። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ የቶ ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ሁለቱ ጎማዎች ተደምረው 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታሉ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማ ደርሶ እስኪወረድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ጎማ አስፋልት ላይ ተፋቀ ማለት ነው።

6. አንዱን ቲራንቴ ብቻ ያዙሩ፣ ዳዶውንም በጣት ብቻ አጥብቀው ይተዉት። ሁለቱም ወገን እኩል ካልዞረ መሪው ጠሞ ይቀራል። ዳዶው በደንብ ካልጠበቀ ደግሞ የተለካው ሁሉ መንገድ ላይ ይፈታል።

ሰባተኛውን በምክር መልክ ልጽፈው አልፈቅድም፦ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ክሪክ ይንሸራተታል። የብረት መቆሚያ ያስገቡ፣ የቀሩትን ጎማዎች በድንጋይ ያስደግፉ። ጎማ ይገዛል፤ ሰው አይገዛም።

ኋላ ቴስቲናውን ቀየርኩና በዚያው ሲባጎ፣ በዚያው ማስመሪያ ደግሜ ለካሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን ሳጥብ መዳፌን በጥርሱ ላይ ወዲያና ወዲህ እልካለሁ። በሁለቱም በኩል ይለሰልሳል።