ከነልጣጩ

«ከጥቁር ላም ነጭ ወተት ይታለባል» እያልን እንተርታለን። ስንተርት ግን ላሟን ማመስገናችን አይደለም፤ መጥቆሯን ይቅር ማለታችን ነው።

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ በገበያ ቀን ኡኬ ላይ ወረድ ብሎ ማየት ነው። አንዲት እናት አንጮቴ በመደብ በመደብ ደርድረዋል። አፈሩ አልለቀቀውም፤ አንዱ ጎባጣ፣ ሌላው ቆልማማ። ከሚኒባስ የወረደው ባለመነጽር አንዱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣

«ማዘር፣ ይሄ እኮ ግማሹ አፈር ነው። ቀንሱልኝ እንጂ!»

«አፈሩን በነጻ ነው የምሰጥህ፣ ልጄ።»

ይኸው ሰው ማታ ነቀምቴ ሆቴል ገብቶ ያው አንጮቴ በቅቤ ተለውሶ ሲቀርብለት ዋጋ አይጠይቅም። ፎቶ ያነሳዋል። በአፈሩ የተከራከረባትን ብር ለአስተናጋጁ ጉርሻ ይሰጣል።

ጉዱ ግን ገዝቶ ቤቱ ይዞት የሄደው ላይ ነው። አንጮቴ የዱባ ዘመድ የሆነ ሐረግ ነው፤ በዋናነት የሚበላው ሥሩ ነው። ወለጋ ውስጥ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይመከራል፤ የምግብ ተመራማሪዎችም ካልሲየም የበዛበት ሆኖ አግኝተውታል። ባለሙያዎቹ የወለጋ እናቶች አጥበው ከነልጣጩ ይቀቅሉታል፤ የሚልጡት ከበሰለ በኋላ ነው። የኛ ሰው ግን ውጩ አስጠልቶታል፤ በጥሬው ልጦ፣ ከትፎ ይቀቅለዋል። ከጥቅሙ ይዞ የወጣውን ውሃ ይደፋል። በማግስቱ ፋርማሲ ገብቶ የካልሲየም ኪኒን ይገዛል። ኪኒኑ መቼስ ለስላሳ ነው፣ አፈር የለው፣ ቆልማማ አይደል።

በቡናውም ያው ነን። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» በሚል ስም የሚሸጠው የወለጋ ቡና በብዛት ከነልጣጩ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። ፍሬ ፍሬ የሚለው ጣዕሙም በዚያ ሸካራ ጀንፈል ውስጥ ከርሞ የመጣ ነው። የውጭ ገዥ ለዚህ ጣዕም ዶላር ያወጣል፤ እኛ ጀንፈሉን ስናይ የሚታየን ጥራጊ ነው።

«ውጩን አትየው፣ ውስጡ ወርቅ ነው» የሚል ሰው ውጩን አስቀድሞ ሰድቦ ጨርሷል። ውስጡን ወርቅ አድርጎ ያቆየው ማን ሆነና?

ለማንኛውም፣ ኡኬ ከወረዳችሁ ከሴትዮዋ ጋር በአፈር አትከራከሩ። እጠቡት፣ ቀቅሉት፣ ከዚያ ላጡት።